አይጥ በበላ ዳዋ እንዳይመታ

የዱከም መጋዘን፣ ኮምፒዩተሩና ድመቷ

የዓመቱ ቆጠራ ሲጠናቀቅ በኮምፒዩተር የተመዘገበው ኩንታልና መጋዘን ውስጥ የተገኘው ኩንታል ሳይገናኝ ከቀረ፣ ሦስት ሰዎች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ይጠራሉ። ንብረት ጠባቂው «አይጥ በላው» ይላል። ሂሳብ ሹሙ «አይጥ ደረሰኝ አይፈርምም» ይላል። የኮምፒዩተር ባለሙያው ደግሞ «ሲስተሙ የገባውንና የወጣውን በትክክል ይዟል» ብሎ ዝም ይላል። ሦስቱም የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግን የታወቀ ነው። የንብረት ጠባቂው ዋስ ይፈለጋል፤ ከደመወዙም መቆረጥ ይጀምራል።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል። አይጧ ጎድጓዳዋ ውስጥ ስትገባ ዱላው የሚያርፈው ከፊት በቆመው ዳዋ ላይ ነው። በመጋዘን ሥራ ውስጥ ዳዋው ብዙውን ጊዜ ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። ይህ ነገር ከመጋዘን ጠባቂው ቤተሰብ እንጀራ አልፎ የባለሀብቱንም ኪስ የሚነካ በመሆኑ በገበያ ገጽ ላይ ሊነሳ ይገባዋል።

ጉዳዩን ለመመርመር ከዱከም የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ይህች ከተማ ቀድሞ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በዙሪያዋ የሚበቅለው የአድአ ጤፍ ነው። ሁለተኛው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ሥጋ ቤቶች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን ሲጀመር ሦስተኛ መታወቂያ አገኘች። በ2004 ዓ.ም. ሁዋጂያን የተባለው የቻይና ኩባንያ በዞኑ ውስጥ ጫማ ማምረት ጀመረ። ቀጥሎም የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ተከፈተ፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር መስመርም በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በአቅራቢያ ያለው የሞጆ ደረቅ ወደብም የዕቃውን ጉዞ ወደዚሁ አካባቢ ሳበው።

ፋብሪካና መንገድ ሲመጣ መጋዘን ይከተላል። መጋዘን ሲበዛ ደግሞ በወረቀት የነበረው ቢን ካርድና ስቶክ ካርድ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። አንዱ ድርጅት ፒችትሪን ይጠቀማል፤ ሌላው በኤክሴል ይሠራል፤ አቅም ያለው ደግሞ ግዢን፣ ሽያጭን፣ ደመወዝንና መጋዘንን በአንድ የሚያስተሳስር ትልቅ ሶፍትዌር ያስገባል። በዚህ ምክንያት ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በከተማዋ ብዙም ያልነበረ አንድ የሥራ መስክ ተፈጥሯል። እርሱም የድርጅት ኮምፒዩተር ባለሙያነት ነው።

ድመት አሳዳጊው ባለሙያ

ይህ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ክፍሉም ከመጋዘኑ ጎን ወይም ከኋላው ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጠራው እርሱ ነው። የሌሊቱን የመረጃ ቅጂ የሚያስቀምጠው፣ የተቋረጠውን የኔትወርክ መስመር ተንበርክኮ የሚፈልገውም እርሱ ነው። መስመሩን ሲያገኘው አልፎ አልፎ የሚያየው የተበጠሰ ሽቦ ሳይሆን የተጎረሰ ሽቦ ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ የሚያድግ በመሆኑ ካልጎረሰችና ካላፋጨች ጥርሷ ራሷን ይጎዳታል። ስለዚህ ጆንያ፣ እንጨትም ሆነ የኮምፒዩተር ገመድ ለእርሷ ሞረድ ነው።

ድመት ወደ ኮምፒዩተር ክፍል የምትመጣው በዚህ በር ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ለገመዱ ሲል ያስጠጋታል፤ ውሎ አድሮ ይላመዳታል። ዱከም ደግሞ ለድመት የማታስቸግር ከተማ ናት። ከሥጋ ቤት የሚወጣ ጅማትና ቁርጥራጭ አይጠፋም። ሌሊት በሥራ የሚያድር ሰው ከሰርቨሩ ጩኸት ሌላ የሚተነፍስ ነገር በአጠገቡ ቢኖር አይጠላም።

ይህ ኑሮ ችግርም አለው። ድመት ሙቀት ትወዳለች፤ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ከዩፒኤሱ ጀርባ የበለጠ ሞቃት ቦታ የለም። ፀጉሯ ከአቧራ ጋር ተደባልቆ የኮምፒዩተሩን ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ይደፍናል። ማራገቢያው ሲደፈን ማሽኑ ይግላል፤ ሲግል ይዘገያል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ ድመት የሚያሳድግ ባለሙያ ማራገቢያውን ከሌላው ባለሙያ ቶሎ ቶሎ መጥረግ፣ የሰርቨሩን በር መዝጋት፣ ለድመቷም ከዩፒኤሱ የተሻለ መኝታ ማዘጋጀት ግዴታው ነው። ክትባትም አለ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና ከሠራተኛ ጋር የምትውል ድመት ሳትከተብ መቆየት የለባትም። ለዱከም ሰው ይህ ሩቅ አይደለም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው ጎረቤት ቢሾፍቱ ነው።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ወጪ የሚሸፍነው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው ከኪሱ ነው። ድርጅቱ ከገመዱና ከእህሉ ይጠቀማል፤ ድመቷ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም።

ድመት በመዝገብ ስትሰፍር

በሌላ አገር ድመትን በመዝገብ ማስፈር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 የለንደን ፖስታ መሥሪያ ቤት በገንዘብ ማዘዣ ክፍሉ ሦስት ድመቶችን በይፋ ሥራ አስገብቶ በሳምንት አንድ ሺሊንግ የምግብ ወጪ መድቦላቸው ነበር። ገንዘቡ ለምግባቸው ሙሉ በሙሉ እንደማይበቃ ኃላፊዎቹ ያውቁ ነበር፤ የቀረውን ከአይጡ እንዲሞሉት ታስቦ ነው። በፒተርስበርግ የሚገኘው የኤርሚታዥ ሙዚየምም ድመቶቹን እስከ ዛሬ ያኖራል፤ ታሪካቸው እ.ኤ.አ. በ1745 እቴጌ ኤልሳቤጥ ለቤተ መንግሥቱ አይጥ አዳኝ ድመቶች እንዲመጡ ካዘዘችበት ጊዜ ይጀምራል።

የለንደኑ መሥሪያ ቤት ለድመቶቹ ያለው ርኅራኄ እዚህ ላይ ዋና ነገር አይደለም። ዋናው ነገር ወጪው ስም አግኝቶ መመዝገቡ ነው። የተመዘገበ ወጪ «ምን አስገኘ?» ተብሎ ይጠየቃል። ያልተመዘገበ ወጪ ግን አይጠየቅም፤ ጥቅም ቢሰጥም አይመሰገንም።

የተጠየቀ ዕለት ደግሞ መልሱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ላይሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት በኒው ዮርክ ብሩክሊን ውስጥ ቆሻሻ ለድጋሚ አገልግሎት በሚዘጋጅበት ድርጅት የነበሩ አይጠ መጎጦችንና የሜዳ ድመቶችን በካሜራ ተከታትሏል። በ79 ቀናት ውስጥ ድመቶቹ ሲገድሉ የታዩት ሁለት አይጠ መጎጥ ብቻ ነው። ይሁንና ድመት በነበረበት ቀን አይጦቹ በአደባባይ መታየት ቀንሰው ወደ ጉድጓዳቸው ተጠግተዋል። የሚያይ ሰው «አይጥ ጠፋ» ሊል ይችላል፤ አይጧ ግን አለች፣ ያልታየችው ተደብቃ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ድመት ታባርራለች፣ ታስፈራራለች፣ ትንሿን አይጥ ትይዛለች እንጂ የተቀደደ በርና የተሸነቆረ ግድግዳ አትደፍንም። ሁለተኛው ለኮምፒዩተር ባለሙያው ይበልጥ ይቀርባል። ያልታየ ነገር የለም ማለት አይደለም። በሲስተሙ ላይ ያልተመዘገበ ጉድለትም እንደዚሁ ነው።

እህሉን የበላው ማነው?

ነጋዴው በጉድለት ላይ ከመፍረዱ በፊት ጥቂት ሂሳብ ቢሠራ ይጠቅመዋል። አንድ አይጠ መጎጥ በቀን ከ15 እስከ 25 ግራም ያህል እህል ይበላል። በአንድ መጋዘን 50 አይጠ መጎጥ አለ፣ እያንዳንዱም 20 ግራም ይበላል እንበል። በቀን አንድ ኪሎ ማለት ነው። በዓመት 365 ኪሎ፣ ማለትም ከሦስት ኩንታል ተኩል ትንሽ ይበልጣል። በሽንቷና በኩሷ የምታበላሸው፣ ጆንያ ቀዳ የምታፈሰው ሲጨመር ጉዳቱ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የፈሰሰው ግን ተጠርጎ ሊመዘን ይችላል፤ የተበላሸውም ክብደቱ አይጠፋም።

አሁን ሌላውን በላተኛ እንመልከት። አንድ ነጋዴ 1000 ኩንታል ጤፍ በ13 በመቶ እርጥበት ገዝቶ አስገባ እንበል። ከነዚህ ውስጥ 870 ኩንታሉ ደረቅ እህል ነው፤ 130ው ውኃ ነው። በበጋው ወራት እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ቢወርድ ደረቁ እህል ያው 870 ኩንታል ነው፤ ሚዛን ላይ የሚወጣው ግን 977 ኩንታል ተኩል ያህል ይሆናል። ሃያ ሁለት ኩንታል ተኩል ያህል ማንም ሰው ሳይነካው፣ አይጥም ሳትደርስበት ጠፋ ማለት ነው። የበላው አየሩ ነው።

ሃምሳ አይጠ መጎጥ ዓመቱን ሙሉ ከሚበላው ይህ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ «አይጥ በላው» የሚለው የንብረት ጠባቂው መልስ ራሱ አይጥን ዳዋ ሊያደርጋት ይችላል። ሰውየው ውሸታም ሆኖ አይደለም። የሚያያት ጠላት አይጥ ስለሆነች ነው። እርጥበት ጅራት የለውም፣ ኩስ አይጥልም፤ ማንም አይቶት አያውቅም።

ተቃራኒውም ይደርሳል። ክረምት ሲገባ የደረቀው እህል ከአየሩ እርጥበት ይስባል፤ ክብደቱም ይጨምራል። በዚህ ጊዜ አንድ ሰው ጥቂት ኩንታል ቢያወጣ የጎደለውን ውኃው ይሞላለታል። መዝገቡና ሚዛኑ ሲስማሙ ሁሉም ደስ ብሎት ይፈራረማል። ንጹሑ ሰው በበጋ በአየር ምክንያት ሲቀጣ ሌባው በክረምት በዝናብ ይድናል። አብዛኛው ድርጅት የበጀት ዓመቱን ተከትሎ ሰኔ 30 ቀን፣ ያውም ክረምቱ በገባበት ሰሞን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ መቁጠሩ ነገሩን ያባብሰዋል። የአሥራ ሁለት ወር ጉዳይ በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ ይቀርባል።

ኮምፒዩተሩ ይህን አይለይም። ኮምፒዩተር የሚያውቀው የነገሩትን ነው። ገቢ ይነገረዋል፣ ወጪ ይነገረዋል፣ ልዩነቱን ያወጣል። «ጉድለት» በሚለው ዓምድ ውስጥ አየሩም፣ አይጧም፣ የሚዛኑ ስህተትም፣ ሌባውም አንድ ላይ ይቀመጣሉ። ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት የተገዛው ሶፍትዌር እዚህ ላይ ከድሮው ቢን ካርድ አይሻልም።

ሕጉና የሂሳቡ ደንብ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ እንዳሻው እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ቢቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በአሠሪው ንብረት ላይ የደረሰው ጉዳት ሆን ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተፈጸመ መሆን ይኖርበታል። ምክንያቱ ያልታወቀ ጉድለት ይዞ ፍርድ ቤት የሚቀርብ አሠሪ እጁ ባዶ ነው። ቁጥር አለው፤ ድርጊት የለውም።

የሂሳቡ ወገንም እንደዚሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት አገሪቱ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ የዕቃ ክምችት ጉዳት በደረሰበት ዘመን ወጪ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ጉድለትን ከዓመት ዓመት እያንከባለሉ «ከጠባቂው የሚሰበሰብ» እያሉ በተሰብሳቢ ሂሳብ ላይ ማቆየት ትርፍን ያለአግባብ ያሳብጣል። በወር የተወሰነ ሺህ ብር ከሚያገኝ ሰው ሃያ ሁለት ኩንታል ጤፍ እሰበስባለሁ የሚል ድርጅት ራሱን ነው የሚያታልለው። ባንክ ወይም አዲስ ባለአክሲዮን መዝገቡን በገለጠ ዕለት ያ ቁጥር ይወጣል።

ባለሀብቱ የሚያነሳው ተቃውሞ አለ፤ ክብደትም አለው። «ምክንያት መቀበል ከተጀመረ ሁሉም ሰው ምክንያት ይዞ ይመጣል፤ የሌባ በር ተከፈተ ማለት ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ምክንያት በአፍ ብቻ የሚነገር ከሆነ በሩ ይከፈታል። «ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» እንዲሉ፣ ንብረት ጠባቂው ለራሱ ሊመሰክር አይችልም። ድመት አሳዳጊው የኮምፒዩተር ባለሙያም «ድመቴ ከመጣች ወዲህ አይጥ ጠፋ» ቢል ምስክርነቱ ወገንተኛ ነው፤ ድመቷን ይወዳታልና።

መልሱ ምስክሩን መቀየር ነው። የእርጥበት መለኪያ ለማንም አያዳላም። እህሉ ሲገባና በየወሩ እርጥበቱ ቢለካ በአየር ምክንያት ሊጠፋ የሚገባው ኩንታል ከላይ በታየው ዓይነት ሂሳብ ይታወቃል። ከዚያ በላይ የጎደለው ሌላ በላተኛ አለው። የተቀደደ ጆንያ ይቆጠራል። የፈሰሰ እህል ተጠርጎ ይመዘናል። ትኩስ የአይጥ ኩስ የት እንደተገኘ ይመዘገባል። ይህ ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ጉድለት ሰው የሚጠየቅበት ነው። በዚህ መንገድ የሌባው በር ይጠብባል እንጂ አይሰፋም፤ ሌባ የሚደበቀው «አይጥ በላው» በሚለው ጥቅል ቃል ውስጥ ነውና።

ምን ቢደረግ ይሻላል?

አንደኛ፣ በሶፍትዌሩ ላይ ካለው «ጉድለት» ዓምድ አጠገብ «ምክንያት» የሚል ዓምድ ይጨመር። እርጥበት፣ አይጥና ነቀዝ፣ ሚዛን፣ ያልታወቀ ተብሎ ቢከፈል ይበቃል። ይህ ለኮምፒዩተር ባለሙያው ብዙ ቀን የሚፈጅ ሥራ አይደለም፤ የሚያስፈልገው የሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ቆጠራው ቢቻል በየወሩ፣ ካልተቻለ በየሦስት ወሩ ይሁን። የሚቆጥረውም ቁልፍ የማይዝ ሰው ይሁን።

ሦስተኛ፣ ድመቷ በመዝገብ ትስፈር። ለምግቧና ለክትባቷ ትንሽ በጀት ይመደብላት፤ ቦታዋም ይታወቅ። ቦታዋ በግቢው፣ በአጥሩ ሥርና በኮምፒዩተር ክፍሉ ደጃፍ ነው እንጂ በእህሉ ክምር ላይ አይደለም። የድመት ዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የተባለውን በሽታ አምጪ ተውሳክ ሊይዝ ይችላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ንጽሕና ደንብም እንስሳት ከምግብ ማምረቻ ስፍራ እንዲርቁ ይመክራል። ምግብ የሚያመርት ወይም ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ድመቷን ወደ ማምረቻው አዳራሽ ማስገባት የለበትም።

አራተኛ፣ ድመት የሚያኖር ድርጅት መርዝ አይበትን። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን የአይጥ መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት ደክማ ትንቀሳቀሳለች። ለድመት የምትቀለው እንዲህ ያለችው አይጥ ናት፤ ድመቷም መርዙን አብራ ትበላለች። ባለሙያው በኪሱ የሚመግባትን ድመት ድርጅቱ በራሱ ገንዘብ መግደሉ ነው።

አምስተኛ፣ ከሁሉ በፊት ቀዳዳው ይደፈን። ጆንያው ከወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ ይበል፤ ከግድግዳም ይራቅ። ድመትም ሆነች ኮምፒዩተር በተቀደደ በር ላይ ሲሚንቶ አይሆኑም።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከአንድ ሶፍትዌር ዋጋ ያነሱ ናቸው። የዱከም መጋዘን ባለቤቶች ከመጪው ሰኔ 30 በፊት ቢጀምሯቸው በሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሚደረገው ንግግር ይቀየራል። ንብረት ጠባቂው «አይጥ በላው» ከማለት ይልቅ «ከጎደለው ሃያ ስድስት ኩንታል ሃያ ሁለት ተኩሉ እርጥበት ነው፤ አንዱ ከቀዳዳ ጆንያ የፈሰሰ ነው፤ የቀረው ሁለት ኩንታል ተኩል ምክንያቱ አልታወቀም» ይላል። ሂሳብ ሹሙ የሚመዘግበው ነገር ያገኛል። ሥራ አስኪያጁም ሃያ ስድስቱን ትቶ ስለ ሁለት ተኩሉ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲያ የሚጠራ ዋስ ካለ በአግባቡ ይጠራል።